ጃኬቱን የገዛው ማነው? እኔ ወይስ ካሽባኩ?

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ያሉት አበው የክሬዲት ካርድን ዘመን ቀድመው አይተው የተናገሩ ይመስለኛል። ያኔ ተበዳሪው ራሱ ቁና ይዞ ጎረቤት ደጃፍ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ጤፉ ራሱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። በፖስታ ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ “ኧረ ተበደሩኝ! ከተበደራችሁኝ ደግሞ አምስት በመቶውን እመልስላችኋለሁ!” ይላል። እስቲ በሞቴ ውድ አንባቢያን፣ አበዳሪ ተበዳሪውን ሲሸልም የት አገር ታይቶ ያውቃል? አሜሪካ ነዋ!

ይህ ሽልማት “ካሽባክ” ይባላል። ገንዘብ ተመላሽ እንደማለት ነው። አገር ቤት ላላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር ላስረዳ። በኤቲኤም ካርድ ስትከፍሉ የሚወጣው የራሳችሁ ገንዘብ ነው። በክሬዲት ካርድ ስትከፍሉ ግን የሚወጣው የባንኩ ገንዘብ ነው። ዕዳ ነው። በወሩ መጨረሻ ቢል ይመጣል። ሙሉውን ከከፈላችሁ ወለድ የለም። ካልከፈላችሁ ግን… እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ነገሩን ከጃኬት ጋር ያያያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ ክረምት ሲባል የሐምሌ ዝናብ እንዳይመስላችሁ። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ ብርቅ አይደለም። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆማ ለምትሠራ እንደ እኔ ዓይነቷ ሴት ጃኬት ጌጥ አይደለም። እንጀራ ነው። ሐበሻው ሁሉ ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር “መጀመሪያ ጃኬት ግዛ” የሚል ነው።

ታዲያ የትኛውን ጃኬት? ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ ላይ የተቋቋመው ኮሎምቢያ፣ በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከፈተው ኖርዝ ፌስ፣ በ1973 የተመሠረተው ፓታጎኒያ… እነዚህ ስሞች ለተራራ ወጪና ለዓሣ አጥማጅ የታሰቡ ነበሩ። ዛሬ ግን የታክሲ ሹፌሩም፣ ተማሪውም፣ ሕፃን ጠባቂዋም ይለብሷቸዋል። ደህና የሚባለው የላባ ጃኬት 300 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠራል። 300 ዶላር ደግሞ ለብዙዎቻችን የአንድ ሳምንት ደመወዝ ግማሽ፣ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ የሁለት ወር ገንዘብ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ስልኩ ብልጭ ይላል፤ “በዚህ ካርድ ከገዙ 10 በመቶ ተመላሽ!”

ልብ ይሸፍታል እኮ!

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የካሽባክን ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው ዲስከቨር የተባለው ካርድ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ ባለቤቱ ሲርስ የተባለው ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኮቹ ሁሉ ተከተሉ።

ባንክ ግን ከኪሱ አውጥቶ አይሸልምም። አንድ ሰው በካርድ መቶ ዶላር ሲከፍል ባለ ሱቁ መቶውን አያገኝም። ሁለት ሦስት ዶላር ገደማ እዚያው መንገድ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ ከተቆረጠው ላይ አንድ ወይም ሁለት ዶላሩ ነው “ስጦታ” ተብሎ ለገዢው የሚመለሰው። አሥር በመቶ፣ አሥራ አምስት በመቶ የሚባለው ከፍ ያለው ግብዣ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ልብስ ሻጩ ነው። ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚያወጣውን ገንዘብ ለእናንተ ሰጠ ማለት ነው። አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች “እኛ ጋ ለምን እንዲህ ያለ ካሽባክ የለም?” ትላላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ባንኮች በክሬዲት ካርድ ግዢ ላይ ከነጋዴው የሚቀበሉትን ክፍያ ከመቶ ዶላር 30 ሳንቲም ያህል ላይ ስለገደበው ነው። ምንጩ ሲደርቅ ስጦታውም ቀጠነ።

ነጋዴውስ የተቆረጠበትን ከየት ይሞላል? ከዋጋው ላይ ነዋ! ዋጋው ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው። ካርድ ለያዘውም፣ ጥሬ ብር ቆጥሮ ለሚከፍለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ይህንን አስልተው ነበር። በአማካይ አንድ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቤተሰብ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ሲያስተላልፍ፣ አንድ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ 1,133 ዶላር ያገኛል አሉ። ጉድ በሉ! ካርድ የማይሰጠው አዲስ መጤ፣ ሳያውቀው የባለ ካርዱን ሽልማት ሲከፍል ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ “ካርድ የሚባል ነገር አልነካም” ማለትም በራሱ ወጪ አለው። ነገሩን በአንድ ቃል “ማጭበርበር ነው” ብዬ ያላለፍኩት ለዚህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

እስቲ በጣታችን እንቁጠር። ጃኬቱ 300 ዶላር ነው። ካሽባኩ 10 በመቶ፣ ማለትም 30 ዶላር። ቢሉ ሲመጣ 300 ዶላሩን ሙሉ በሙሉ የከፈለ ሰው 30 ዶላር አተረፈ። አበቃ። ክርክር የለውም። ሕጉም ቢሉ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክለት ያስገድዳል።

ሙሉውን ያልከፈለስ? አሁን አሁን የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 24 በመቶ የሆነ ካርድ እንውሰድ። በወር ሁለት በመቶ ነው። ለ300 ዶላር በወር 6 ዶላር። በአምስተኛው ወር 30 ዶላር ሞላ። ካሽባኩ ተበላ! ከዚያ በኋላ ጃኬቱን የሚከፍለው ሰውየው ነው፤ በየወሩም ይወደዳል። ካሽባኩ 5 በመቶ ብቻ ቢሆንማ ሁለት ወር ተኩል እንኳ አይቆይም።

ከዚህ የከፋም አለ። ያለፈ ወር ዕዳ ያለበት ካርድ ላይ አዲስ ዕቃ ከተገዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ የሚጀምረው ከተገዛበት ቀን ነው። ያ የወር ፋታ የለም። “ሚኒመም ፔይመንት” የሚሉትም ወጥመድ ነው። 1,000 ዶላር ዕዳ ላይ ባንኩ “30 ዶላር ብቻ ክፈል” ይላል። ሰው ደስ ብሎት ይከፍላል። ከ30 ዶላሩ 20ው ወለድ ነው። ከዕዳው የተቀነሰው 10 ዶላር! በዚህ አካሄድ ጃኬቱ ተቀዶ ተጥሎም ዕዳው በሕይወት ይኖራል።

አንድ ወዳጄና እናቱ

ይህ ሁሉ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ አያሳዝንም። ሰው ግን ያሳዝናል።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንድ ቀን ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ስልኩን አወጣና፣

“አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዓመት ብቻ 160 ዶላር ካሽባክ አገኘሁ እኮ!” አለኝ።

“እሰይ! ወለድስ ስንት ከፈልክ?” አልኩት።

ዝም አለ። እሱን አይቶት አያውቅም። አብረን ከፍተን አየነው። ሦስት ካርድ ላይ 4,000 ዶላር ገደማ ዕዳ አለበት። ሁሉም የጃኬት ነው አልልም። የመኪና ጎማም አለ፣ የትኬትም አለ። ነገር ግን ሦስት የላባ ጃኬት፣ ሁለት የበረዶ ቡት፣ አንድም ቀን ያልተጠቀመበት የተራራ ቦርሳ ነበረው። ሁሉም የተገዙት “ካሽባክ ስላለው” ነበር። ወለዱ በወር 80 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 960። ለ160 ዶላር ብሎ 960! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ አይደል?

ሆዴን የበላው ግን ሌላ ነው። እናቱ ደሴ ናቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው። ለመድኃኒታቸው በየወሩ 100 ዶላር ይልክ ነበር። ያን ሰሞን ሁለት ወር ዘሎ ነበር። ስልክ ሲደውል እናቱ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። “አንተ ብቻ ብርድ እንዳይመታህ ልጄ” ነው የሚሉት። እሱ ደግሞ ለብርዱ ሦስት ጃኬት አለው!

ደግነቱ ዕቁብ ነበረው። ዕጣው ሲደርሰው ሌላ ነገር ሳያምረው በቀጥታ ካርዶቹ ላይ ከፈለው። ዕቁብ ካሽባክ የለውም፣ ወለድም የለውም። አሁን ያችን 80 ዶላር ለባንኩ ሳይሆን 20 ጨምሮባት ለእናቱ ይልካታል። ካርድ መያዙን አልተወም፤ አንድ ብቻ አስቀርቶ በየወሩ ሙሉውን ይከፍላል።

ጎበዝ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ብትሉ፣ እሱ ብቻ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በኤምአይቲ ድሬዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር የተባሉ መምህራን ባሳተሙት ጥናት፣ የንግድ ሥራ ተማሪዎችን ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት አጫረቷቸው። ግማሾቹን “በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ”፣ ግማሾቹን “በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ” አሏቸው። ካርድ የተባሉት እጥፍ ያህል ዋጋ ጠሩ። የተማሩት ናቸው እንግዲህ! ከኪስ ሲወጣ የማይታይ ገንዘብ አያምም። የማያምም ነገር ደግሞ ይበዛል።

ትንንሾቹን ፊደላት አንብቧቸው

የካሽባክ ግብዣ ከሥር በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር አለው። ሰው አያነበውም። ዋና ዋናዎቹን እነሆ።

አንዳንዱ ግብዣ ቀድማችሁ ስልኩ ላይ ካልነካችሁት አይሠራም። ከገዛችሁ በኋላ ብትነኩት ዋጋ የለውም።

አንዳንዱ የሚሠራው ከአምራቹ የራሱ ሱቅ ወይም የራሱ ድረ ገጽ ሲገዛ ብቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ጃኬት፣ ያንኑ ምልክት፣ ከትልቅ የገበያ አዳራሽ ገዝቶ ሲጠብቅ ሲጠብቅ አንዲት ሳንቲም አልመጣችለትም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

ጣሪያም አለው። “10 በመቶ” ይልና ከሥሩ “ከ25 ዶላር አይበልጥም” ይላል። በየሦስት ወሩ ዘርፍ እየቀያየሩ 5 በመቶ የሚሰጡት የታወቁ ካርዶችም 1,500 ዶላር ላይ ይቆማሉ። ያ ማለት ሞልቶ ቢፈስ 75 ዶላር ነው።

ዕቃው ከተመለሰ ካሽባኩም ይመለሳል። ጃኬት ደግሞ እየጠበበና እየሰፋ ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነገር ነው።

ዝቅተኛ ግዢም አለ፤ “ከ200 ዶላር በላይ ለገዛ 40 ዶላር ተመላሽ”። አንዲት ጎረቤቴ የምትፈልገው የ130 ዶላር ቡት ነበር። 200 እንዲሞላላት የ75 ዶላር ሰደርያ ጨመረች። 205 ከፍላ 40 ተመለሰላት። “ሰደርያው በ35 ዶላር ገባልኝ” ብላ ትከራከረኛለች። እውነቷን ነው፣ ለሚለብሰው ሰው ርካሽ ነው። ሰደርያው ግን ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ ሳይበጠስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ለማይለበስ ሰደርያ 35 ዶላር ውድ ነው።

ከካሽባክ የሚበልጥ ቅናሽ

ካሽባክ ላይ ዓይናችን ሲያፈጥ አጠገቡ ያለውን ትልቁን ቅናሽ አናየውም።

ወቅት አለ። ጃኬት በኅዳር ውድ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ይረክሳል። ሱቁ ለጸደይ ልብስ ቦታ ይፈልጋላ! እኔ የአሁኑን ጃኬቴን የገዛሁት መጋቢት ላይ ነው። 320 ዶላር የነበረው በ40 በመቶ ቅናሽ 192 ገባ። የ10 በመቶ ካሽባክም ነበረኝ፣ 19 ዶላር ከ20 ሳንቲም መለሰልኝ። በመጨረሻ 172 ዶላር ከ80 ሳንቲም ወጣብኝ። አሁን ልብ በሉ፤ ካዳንኩት ገንዘብ 128ቱን ያመጣው መጋቢት ወር ነው። ካሽባኩ 19 ብቻ! ማስታወቂያ የሚሠራለት ግን ካሽባኩ ነው።

የግብር ነገርም አለ። ሚኒሶታ አብዛኛው ልብስ የሽያጭ ግብር አይከፈልበትም። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ነሐሴ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ እያንዳንዱ 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልብስና ጫማ ያለ ግብር ይሸጥላችኋል። የሜሪላንድ ግብር 6 በመቶ ነው። ከ5 በመቶ ካሽባክ ይበልጣል፤ ካርድም አይጠይቅም!

ማኅበርም አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሲያትል አካባቢ በተራራ ወጪዎች የተመሠረተው አርኢአይ የአባላት ማኅበር ነው። ዕድሜ ልክ አባልነቱ 30 ዶላር ነው። በሙሉ ዋጋ ከተገዛ ዕቃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ በዓመት አንዴ ያስባል። በቅናሽ የተገዛው ግን አይቆጠርም። ስለዚህ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ 10 ከመጠበቅ በ40 ቅናሽ ገዝቶ ዝም ማለት ይሻላል።

ያገለገለ ልብስም አለ። እኛ ሐበሾች ሰልባጅ ስንባል አፍንጫችንን እንነፋለን። ተሳስተናል። ባለፈው ኅዳር የአክስቴ ልጅ ስትመጣ በአንዲት ስስ ሹራብ ነበር የወረደችው። ሱቅ ይዣት ሄድኩ። 280 ዶላር የሚል ካፖርት ለካች። ከፋይዋ ጋ ስንደርስ ሻጯ ፈገግ ብላ “የሱቃችንን ካርድ አሁኑኑ ብታወጪ 15 በመቶ ይቀነስልሻል” አለቻት። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። “እቴ፣ ምን ልበላት?” አለችኝ።

“ዛሬ አይደለም በያት” አልኳት። ከእነዚህ የሱቅ ካርዶች የብዙዎቹ ወለድ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ሥራ ያልጀመረች ልጅ፣ የመጀመሪያ ደመወዟ መቼ እንደሚገባ የማታውቅ ልጅ፣ በመጣች በሳምንቷ ዕዳ ለምን ትሸከም? በማግስቱ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ቤት ያንኑ የሚመስል ካፖርት በ90 ዶላር ጥሬ ገንዘብ አገኘን። 190 ዶላር ተረፈ! ቡቱን ግን አዲስ ገዛንላት፤ ያገለገለ ጫማ የሌላ ሰው እግር የለመደ ነው፣ በረዶ ላይም ያንሸራትታል። አሁን ሥራ ይዛለች፣ ትንሽ ካርድም አውጥታለች። የአውቶቡስና የአስቤዛ ብቻ ትከፍልበታለች፣ በየወሩም ትዘጋዋለች። ክሬዲቷም እያደገ ነው። ካርድ ጠላት አይደለም። ጌታ ሲሆን ነው ክፉነቱ።

ታዲያ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

መልሴ አጭር ነው። አስቀድሞ ሊገዛ ለወሰነና ገንዘቡን ለያዘ ሰው ይጠቅማል። ለሌላው ሁሉ አይጠቅምም። ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ግብዣው ባይመጣ ኖሮ ይህን ልብስ እገዛው ነበር? “አይ” ከሆነ 10 በመቶ አላተረፋችሁም፣ 90 በመቶ ከሰራችሁ እንጂ።

ሁለተኛ፦ ገንዘቡ ዛሬ ባንክ ውስጥ አለኝ? “ደመወዝ ሲገባ” የሚባለው መልስ አይቆጠርም። ደመወዝ ሲገባ የቤት ኪራይም ይጠብቃል።

ሦስተኛ፦ ካርዱ ላይ ያለፈ ዕዳ አለ? ካለ ካሽባኩን እርሱት። 24 በመቶ እየከፈሉ 5 በመቶ ማሳደድ፣ ቀዳዳ እንስራ ይዞ ወንዝ መውረድ ነው። መጀመሪያ ዕዳውን ዝጉ።

አራተኛ፦ ሁለት ወር ብጠብቅ ይረክሳል? ብርዱ ካልጠበቀ ግን አትጠብቁ! ጤና በቅናሽ አይገዛም።

አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቻችንም አንድ ነገር አደራ። “ጃኬት ላኪልኝ፣ ኦሪጅናሉን” ስትሉን ደስ ይለናል፣ እምቢ ማለትም ያሳፍረናል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ጃኬት የሚገዛው በዕዳ ነው። “ካለሽ” የምትል አንዲት ቃል ጨምሩበት። እኛም “አሁን የለኝም” ማለትን እንልመድ። ነውር የለውም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ብርዱ መምጣቱ አይቀርም፣ ማስታወቂያውም አብሮት ይመጣል። በቀጠሮው ቀን ዕዳችሁን ከፍላችሁ፣ ለእናት የሚላከውን ልካችሁ፣ በተረፈው የምትገዙት ጃኬት ከሁሉም ይበልጥ ይሞቃል። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!